የአያቶቻችን ቤት አዳማ ላይ የት ነበር? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት። ሰው ከየአቅጣጫው መጥቶ፣ ቦታ ገዝቶ፣ ጭቃ አቡክቶ ቤት ሠርቶባታል። ብዙው ደግሞ ልጆቹን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። የእኔም ሴት አያቴ አንዷ ናት። ቤቷ ባቡር ጣቢያው አካባቢ እንደነበር እንሰማ ነበር እንጂ የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ ከተማዋን ስትለቅ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች።

ቤቱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ግድም ፈጅቶብኛል። ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም "የእኛስ እንዴት ይገኛል?" እያለ ይጠይቀኛል። ደጋግመው የሚመጡትን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት ልጀምር?

ከቤት። ማዘጋጃ ቤት ለመሄድ አትቸኩሉ። ባዶ እጁን የሄደ ሰው "ቁጥር አለህ? ካርታ አለህ?" ተብሎ ይመለሳል።

መጀመሪያ የቤተሰቡን ሣጥን ክፈቱ። የድሮ ሰው ወረቀት አይጥልም። ከጋቢ ሥር፣ ከመጽሐፍ መሐል፣ ከፎቶ ፍሬም ጀርባ ሳይቀር ይደብቃል። የምትፈልጉት ካርታውን ብቻ አይደለም። የግብር ካርኒ፣ የመብራትና የውኃ ደረሰኝ፣ የሽያጭ ውል፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የእድር ደብተር፣ በአድራሻ የመጣ የደብዳቤ ፖስታ፣ ሁሉም ይጠቅማል። ለእኔ በሩን የከፈተልኝ አንድ የተቀደደ የግብር ካርኒ ነው። ግማሽ ስምና አንድ ቁጥር ብቻ ነበረበት።

የሽያጭ ውል ካገኛችሁ ደግሞ አዋሳኞቹን ቁጭ ብላችሁ አንብቡ። "በምሥራቅ የእገሌ ቤት፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የእገሊት ቦታ" ይላል። ብዙ ሰው ይህንን ይዘለዋል። የእናንተ ሰው ፋይል ቢጠፋ እንኳ የጎረቤቱ ፋይል ሊኖር ይችላል። እዚያ ላይ ደግሞ የእናንተ ሰው ስም አዋሳኝ ሆኖ ይገኛል።

ያገኛችሁትን ሁሉ በስልክ ፎቶ አንሱት። ጀርባውንም ጭምር። ማኅተሙ የሚነበብ ይሁን።

ሽማግሌዎችን ምን ብዬ ልጠይቅ?

"ቤቱ የት ነበር?" ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ። መልሱ "እዚያ ጣቢያው ጋ" ነው የሚሆነው። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "እማማ፣ ውኃ የምትቀዱት ከየትኛው ቦኖ ነበር? እህል የምታስፈጩት የት ነው? ትምህርት ቤት ስትሄዱ ሐዲዱን ትሻገሩ ነበር? የእድራችሁ ዳኛ ማን ነበሩ? ከአጥሩ ማዶ ማን ይኖር ነበር?"

ሰው ቁጥር ይረሳል። በእግሩ የሄደበትን መንገድ ግን አይረሳም። እናቴ የሰፈሩን ስም አታስታውስም። ሱቅ ስትላክ ፀሐይ ፊቷን ትመታት እንደነበርና ስትመለስ ጀርባዋን እንደምታሞቃት ግን ነገረችኝ። በጠዋት ነበር የምትላከው። ስለዚህ ሱቁ ከቤቱ በምሥራቅ በኩል ነበር ማለት ነው።

ንግግሩን በስልክ ቅዱት፤ አስፈቅዳችሁ ታዲያ። ወረቀትና እርሳስ ስጧቸውና ሰፈሩን ይሣሉላችሁ። ይህን ነገር ለፋሲካ አታቆዩት። እኔ "በዓል ሲደርስ እጠይቃቸዋለሁ" ያልኳቸው አንድ አዛውንት በዓሉ ሳይደርስ አርፈዋል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ወረቀቱ "ናዝሬት" ይላል፤ አዳማ ነው?

አዎ። ስሙ ከጥንትም አዳማ ነው። ናዝሬት ያሏት ንጉሡ ናቸው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በይፋ ወደ አዳማ ተመልሷል። ስለዚህ ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ በሁለቱም ስም ፈልጉ። ናዝሬት በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ የፈረንጁን አጻጻፍም የእኛንም አነባበብ ሞክሩ። በንጉሡ ዘመን ወረቀት ላይ "ሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ የረርና ከረዩ አውራጃ" የሚል ካያችሁ አትደናገጡ፤ የአውራጃው ዋና ከተማ ናዝሬት ነበረች።

አድራሻው ላይ ቀበሌ ከተጻፈ ወረቀቱ ከአብዮቱ በኋላ የመጣ ነው። ከዚያ በፊት ቀበሌ የሚባል የለም። የቀበሌ ቁጥር ደግሞ እንዳለ አይቆይም። ቀበሌዎች ተዋሕደዋል፣ ተከፍለዋል፣ በቁጥር የነበሩትም እንደ ደምበላ፣ ጎሮ፣ ቦኩ ያለ ስም ወጥቶላቸዋል። የድሮው "ቀበሌ 06" እና የዛሬው አንድ ናቸው ብላችሁ አታስቡ። የሰፈሩን ነዋሪ "የድሮው 06 እስከየት ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። ፖስታ ቤት ወይም ፍራንኮ አካባቢ ቁጭ ብለው ወሬ የሚያወጉ አባቶች ከማንም በላይ ያውቁታል።

1967 ላይ በትክክል ምን ሆነ?

የአብዛኛው ሰው ፍለጋ የሚቆረጠው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ይዞ ይቀራል። ሲያከራየው የነበረው ሌላው ሁሉ "ትርፍ" ተባለ። ለመኖሪያ የሚፈቀደው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ለእኛ ፍለጋ ዋናው ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው በወር እስከ 100 ብር የሆነው ለቀበሌ ሄደ። ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር። ስለዚህ የቤታችሁ ኪራይ ስንት እንደነበር ማወቅ ወረቀቱ ወዴት እንደሄደ ይነግራችኋል። ትንሽ የጭቃ ክፍል ከነበረ ቀበሌ፣ ቪላ ወይም ፎቅ ከነበረ ኪራይ ቤቶች ማለት ነው። ያ መሥሪያ ቤት አሁን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ሆኗል። አዳማ ላይ ግን መጀመሪያ የከተማውን ቤቶች የሚያስተዳድረውን ቢሮ ጠይቁ።

አንዳንድ ቤት ደግሞ ለሁለት ተከፍሏል። ባለቤቷ የፊቱን ይዛ ትቀራለች፣ የጓሮው ክፍሎች የቀበሌ ይሆናሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ዓይነት ፋይል ይፈጠራል። የአያቴ እንዲህ ነበር፤ ይህን ባለማወቄ ብዙ ወራት አባክኛለሁ።

በ1968 ደግሞ የከተማ ቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ቁጥር 80 መጣ። በግል የቀረው ቤት ሁሉ በየዓመቱ ይከፍላል። በየቤቱ ያሉት የድሮ ካርኒዎች ብዙዎቹ በዚህ የመጡ ናቸው። ደርግም ይሁን ኢሕአዴግ ግብር አልረሳም። ስለዚህ ባለቤትነት ቢጠፋባችሁ ግብሩን ተከተሉ። ማን ከመቼ ጀምሮ መክፈል እንዳቆመ፣ ማን እንደተካው ከዚያ ይታያል።

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ምን ልበል?

አሁን መሬት ነክ ነገር ያለው በከተማው የመሬት መሥሪያ ቤትና በክፍለ ከተማው ነው። የምትፈልጉት ግን መዝገብ ቤቱን ነው። "የነባር ይዞታ ፋይል ማየት እፈልጋለሁ" በሉ። ነባር ይዞታ ማለት ከሊዝ በፊት የተያዘ ቦታ ነው።

መታወቂያ፣ ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃና አጭር ማመልከቻ ያዙ። የሰው ፋይል ለማንም አይታይም፤ ትክክልም ነው። ወራሽ ከሆናችሁ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ሥራችሁን ያቀልላል። ማመልከቻው በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ጥሩ ነው። የቢሮው የሥራ ቋንቋ እሱ ነውና። ከ1980ዎቹ አጋማሽ በፊት ያለው ፋይል ግን በአማርኛ፣ አብዛኛው በእጅ የተጻፈ ነው። ወጣቱ ሠራተኛ የድሮውን እጅ ጽሑፍ ለማንበብ ሲቸገር አይቻለሁ። አግዙት። ቁጭ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡ።

ለምን አንድ ትልቅ መዝገብ የለም ለምትሉ፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ከአንቀጽ 1553 ጀምሮ ብዙ ደንግጎ ነበር። ግን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እያንዳንዱ ማዘጋጃ ቤት በራሱ መንገድ ሲመዘግብ ኖረ። ወጥ የሆነ የከተማ ይዞታ ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2006 ነው፤ ቁጥር 818።

"ስሙ መዝገብ ላይ የለም" ተባልኩ። አበቃ ማለት ነው?

የለም፣ አላበቃም። እኔም አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ "የለም" ብሎኛል። አራተኛው ቀን ላይ በሌላ ፊደል ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዝገቡ በፊደል ተራ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ መዝገብ ላይ ግን ሦስት ቦታ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንዲሁ። "ኃይለ" ብሎ የሚጀምር ስም ጸሐፊው እንደተማረበት በሦስት ረድፍ ሊገባ ይችላል። የአያቴ ስም በ"አ" ድምፅ ይጀምራል። እኛ በ"አ" ፈለግን። እሷ በ"ዐ" ተቀምጣ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ሴቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አይቀይሩም። ቤቱ የአያታችሁ ባል ንብረት ይመስላችሁና በእሱ ስም ትፈልጋላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን ጠላና ጠጅ ሸጣ፣ ጉልት ቁጭ ብላ ቦታ የገዛችው እሷ ናት። ስለዚህ በራሷ ስም ከነአባቷና ከነአያቷ ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ የክርስትና ስም፣ የቤት ስምና የማዕረግ ስም። "እቴቴ" ተብላ ኖራ መዝገብ ላይ "ወለተ ማርያም" የሆነች አለች። "ባሻ" ወይም "ግራዝማች" ከስሙ ጋር ተጽፎ በማዕረጉ ፊደል የተመደበም አለ።

አራተኛ፣ ኮምፒውተር ላይ በቁቤ፣ ማለትም በአፋን ኦሮሞ የላቲን ፊደል፣ የገባ ስም። ቁቤ የጠበቀውን ፊደል ይደግማል፣ የረዘመውን አናባቢም ይደግማል። "ተሰማ" ሲጻፍ "መ" ሊደገም፣ መጨረሻውም በሁለት "A" ሊሆን ይችላል። አንዷን ፊደል ከተሳሳታችሁ ማሽኑ የለም ይላል። ሠራተኛውን በትሕትና "በሌላም አጻጻፍ ሞክርልን" በሉት።

ወረቀት ጨርሶ ባይኖርስ?

ቤት ወረቀቱን ቢያጣ ነዋሪው ሌላ ቦታ አሻራ ጥሏል። የክርስትናና የጋብቻ መዝገብ ያለው ደብር፣ መስጊድ፣ የእድር ደብተር፣ ትምህርት ቤት። አፄ ገላውዲዮስ የተማረ አጎት ካላችሁ የተማሪ መዝገቡ ላይ የወላጅ ስምና አድራሻ ሊገኝ ይችላል።

ጋዜጣም አለ። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ እየታተመ ነው። የጠፋ ካርታ፣ የሐራጅ ሽያጭ፣ የፍርድ ቤት ጥሪ ይወጣበታል። የቆዩት እትሞች አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት) እና ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይነበባሉ። ጊዜ ይወስዳል። ዓመቱን በግምት ካላወቃችሁ ባትጀምሩት ይሻላል።

ኢንተርኔት ላይስ ምን አለ?

እንደ ፈረንጆቹ ስም አስገብቶ የአያትን ቤት ማግኘት የለም። የዘር ሐረግ ድረ ገጾች ላይ የእኛ ሀገር መዝገብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከላይ የተነሡ ፎቶዎች ግን አሉ፣ እነሱም ድንቅ ናቸው።

በጣም የምወደው ኮሮና የሚባለውን ነው። በሽታው አይደለም። አሜሪካኖች ከ1952 እስከ 1964 ድረስ ከሳተላይት ያነሧቸው የስለላ ፎቶዎች ናቸው። በ1987 ምስጢርነታቸው ተነሥቶ ለሕዝብ ተለቀቁ። ዓመቶቹን ተመልከቷቸው፤ ከአዋጁ በፊት ናቸው! አያቶቻችን ገና ባለቤት በነበሩበት ዘመን ማለት ነው። የመጨረሻዎቹ ጥራታቸው እስከ ሁለት ሜትር ገደማ ስለሚደርስ ትልቅ ጣሪያ፣ አጥር፣ መንገድና ሐዲድ ይለያል። ከዚያ የቀጠለው ሄክሳጎን የሚባለው እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ይሄዳል።

የሚገኙት በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ድረ ገጽ፣ "ኧርዝ ኤክስፕሎረር" በሚባለው ላይ ነው። በነፃ ትመዘገባላችሁ፣ ካርታው ላይ አዳማን ትከብባላችሁ፣ ከዝርዝሩ የተለቀቁ የስለላ ፎቶዎችን ትመርጣላችሁ። ስካን የተደረገውን በነፃ ታወርዳላችሁ። ያልተደረገውን ለማስደረግ ለአንዱ ፎቶ 30 ዶላር ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ትንሹን ምስል ከፍታችሁ ደመና እንደሌለበት እዩ።

ጎግል ኧርዝ ፕሮ ኮምፒውተር ላይ በነፃ ይጫናል። የሰዓት ምልክቷን ስትጫኑ የቀድሞ ምስሎች ይመጣሉ። የድሮውን ፎቶ በላዩ ላይ ደርባችሁ ግልጽነቱን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይቻላል። እኔ ያረጋገጥኩት በዚህ ነው። ሐዲዱንና የድሮውን ጣቢያ መነሻ አደረግኩ። እነሱ አልተንቀሳቀሱማ! ጣቢያ ስል ግን ከተማ ውስጥ ያለውን የድሮውን ነው፤ በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪኩ ባቡር ጣቢያው ሌላ ቦታ ነው።

የሀገራችን የካርታ ሥራ ድርጅት፣ አሁን የስፔስ ሳይንስና ጂኦስፓሻል ኢንስቲትዩት፣ ከአውሮፕላን የተነሡ የድሮ ፎቶዎችና 1 ለ50 ሺህ ካርታዎች አሉት። ካርታው ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 500 ሜትር ነው፤ ስለዚህ ቤት አይታይበትም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ መንደርና መንገድ ነው የሚታየው። የድሮው ካርታ ደግሞ አዲንዳን በሚባል መለኪያ የተሠራ ነው። ቁጥሩን እንዳለ ስልካችሁ ላይ ብታስገቡት ሁለት መቶ ሜትር ገደማ ሊያስታችሁ ይችላል። አንድ ወዳጄ በዚህ ምክንያት የማያውቀው ሰው ግቢ ቆሞ አልቅሷል። ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነበር።

ለጣሊያን ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933፣ የጣሊያኖቹ የሉቼ ክምችት ፎቶና ፊልም በድረ ገጹ ያሳያል። የቤት ፎቶ አትጠብቁ። የመንገዱን መልክ ለማወቅ ግን ይረዳል።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ የድሮ ናዝሬት ፎቶ የሚለጥፉ ሰዎችንም አትናቁ። ፎቶውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተሰጠውን አስተያየት አንብቡ። "ይሄ የእኛ በር ነው" የሚል ሰው አይጠፋም።

አያቶቼ ወንጂ ነበሩ። ወይም ቆቃ።

ወንጂ ከሆነ ቤቱ የፋብሪካው ነው። ስኳር ፋብሪካው በ1946 ሥራ ሲጀምር የያዘው ኤችቪኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ስለዚህ የመሬት ፋይል ሳይሆን የሠራተኛ ፋይል ፈልጉ። የቆቃ ግድብ ያለቀው በ1952 ነው። ሐይቁ ያስለቀቀው መንደር ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከዚያ ዓመት በፊት የተነሣ የአውሮፕላን ፎቶ ያስፈልጋችኋል።

ውጭ ሀገር ነው ያለሁት።

ውክልና ላኩ። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ቀርባችሁ ትፈርማላችሁ፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ውክልናው ላይ "ፋይል ለማየትና ኮፒ ለመውሰድ" ብቻ ብላችሁ አጽፉ። መሸጥ መለወጥ የሚል ቃል ለፍለጋ አያስፈልግም። ዘመድ ቢሆንም።

ቤቱን ካገኘሁት ማስመለስ እችላለሁ?

በአዋጅ 47 መሠረት የተወረሰ ከሆነ አይመለስም። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬትም የመንግሥትና የሕዝብ ነው። ከአዋጁ ውጪ፣ በጉልበት ወይም በቃል ትእዛዝ የተወሰደ ንብረት ለማየት አዋጅ ቁጥር 110/1987 ወጥቶ ነበር። የውርስ ክርክር ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1000 ሦስት ዓመትና አሥራ አምስት ዓመት የሚሉ ገደቦች አሉ። የእናንተ ጉዳይ በየትኛው እንደሚወድቅ ጠበቃ ይንገራችሁ።

እኔ ግን ከልቤ የምመክረው፣ ፍለጋውንና ክርክሩን አትቀላቅሉ። ቢሮ ገብታችሁ ገና "ሊያስመልሱ ነው" ከተባለ ሁሉም በር ይዘጋል። የአያታችሁን ቤት ማወቅ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው።

አሁን የሚኖሩትን ሰዎች እንዴት ልቅረባቸው?

ብቻችሁን አትሂዱ። የሰፈሩን ሰው፣ ቢቻል የእድር ሰው አስቀድሙ። ካሜራና ወረቀት ይዛችሁ በር አታንኳኩ፤ ሰው ይደነግጣል። "ቤት ልንወስድ አልመጣንም" የሚለው መጀመሪያ ይነገር። ባዶ እጅ አይኬድም፤ ስኳርና ቡና ይበቃል።

እኔ የሄድኩት እሑድ ከሰዓት ነው። የጓሮውን የቀበሌ ቤት የያዙት እናት ሰምተው ሲጨርሱ "ግቢ ልጄ" አሉኝ። ቡና ተፈላ። ከዚያ አንድ ግድግዳ አሳዩኝ። መሐሉ ላይ የበር ቅርጽ አለ፤ በጭቃ ተደፍኗል። "አርባ ዓመት ኖሬበታለሁ፤ ይህ ምን እንደነበር የሚነግረኝ አጣሁ" አሉ።

አሰላ ለእናቴ ደወልኩ። ግድግዳውን ስነግራት ዝም አለች። ቆይታ "የተከራዮቹ በር ነው" አለች። "ከአዋጁ በኋላ ነው የደፈኑት። በዚያ በር ነበር እንጀራ የምናቀብላቸው።"

ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው።